ጉበት ላይ የሄደችው ቅማል

ከፍጥረት ሁሉ ቆሽቴን የምታሳርረው ቅማል ናት። ራስ ላይ የምትወጣዋን ማለቴ አይደለም፤ እሷስ በማበጠሪያም በመድኃኒትም ትለቃለች። እኔ የምለው ጀርመንኛ ውስጥ የምትኖረዋን ነው። እዚያ ቋንቋ ውስጥ አንድ ሰው ጠዋት ፊቱን አጥቁሮ ቢሮ ሲገባ፣ ባልደረቦቹ «ቅማል ጉበቱ ላይ ሄዳበት ነው» ይባባሉና ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ትንሽ ኩርፊያ ናት፣ እስከ ምሳ ትለቀዋለች ማለታቸው ነው።

ይህችን ቅማል አሠሪዬ እንደ ዓይኑ ብሌን ይሳሳላታል።

ቢሯችን ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ ይተረጉማል። ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የአሠሪዬ፣ ሌላው የእኔና ወረቀት የሚያኝክ የማተሚያ ማሽን። አሠሪዬ ስም አለው፤ እኔ ግን ሥራ በጀመርኩ በወሩ በልቤ «ለስላሳው» ብዬ አወጣሁለት። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ መዳፉ ለስላሳ ነው፣ ጫማው እንኳ ደረጃ ሲወጣ አይሰማም። ፊት ለፊት ጋሼ እያልኩ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሎኛል፤ ይቅርታም አልጠይቅበትም።

የቢሮው ደንብ እንዲህ ነው። ቁጣ ያለበት ነገር ሲመጣ መጀመሪያ እኔ እንዳለ እተረጉመዋለሁ። ከዚያ ወደ እሱ ክፍል ይገባል፤ ሲወጣ በርዶ ይወጣል። «ሁለት ዲግሪ ቀንሼለታለሁ» ይለኛል፣ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ሲያስታምም ያደረ ይመስል። ደንበኛ የሚከፍለን እንዲገባው ነው እንጂ እንዲከፋው አይደለም የሚል እምነት አለው፤ ሌላ ሃይማኖት ያለው አይመስለኝም።

በሆቴል እንግዶች ወቀሳና በጎረቤታሞች ጠብ ላይ ሲያደርገው እስቅ ነበር። ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ የጮኸ እንግዳ «ትንሽ ሞቅ ቢል ደስ ይለኝ ነበር» እንዳለ ተደርጎ ቢተረጎም ማን ይሞታል?

ደግሞ ሥራው ራሱ ይጥመኛል። እንግሊዝኛ ሲቆጣ በረት ይከፈታል። የተናደደ ሰው ፍየሉን ይወስዱበታል፤ ራሱን እንዳመመው ድብ ያጉረመርማል፤ ውሃ እንደተደፋባት ዶሮ ይንጨረጨራል፤ ቀይ ጨርቅ እንዳየ ኮርማ ይሆናል፤ ሲብስበት ተርብ ነው። እነዚህን እንስሳት እንደ ቁመናቸው ወደ ጀርመንኛ ብነዳቸው አንባቢው ግራ ይገባዋል፤ ፍየል የጠፋበት ገበሬ መስሎት ፖሊስ ሊጠራለት ይችላል። ስለዚህ እንስሳውን ትቼ ሙቀቱን አሻግራለሁ። ፍየል የተወሰደበትን ሰው ዘንባባ ዛፍ ላይ አወጣዋለሁ፤ ጀርመኖች ሲናደዱ የሚወጡት እዚያ ነው። ለተርቧ ደግሞ ቀበሮን፣ ሰይጣንንና ዱርን በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ ቃል አላቸው፤ ፉክስቶይፈልስቪልድ። ይህ ቃል ክፍል ውስጥ ሲነገር ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ይስባል። ቅማሏ ከሁሉም በታች ናት። ለስላሳው ግን ድቡንም ኮርማውንም ተርቧንም አንድ ላይ ሰብስቦ በእሷ ይለውጣቸዋል።

እኛ እንኳ ስንናደድ ከብት አንነዳም፤ የገዛ ሆዳችንን ነው የምናቃጥለው። ቆሽታችን ያርራል፣ ጨጓራችን ይላጣል፣ ደማችን ይፈላል። የሰው ቁጣ ሲበርድ ሳይ እኔን የሚያቃጥለኝ ለዚህ ይሆናል።

እህቴ አለችኝ፤ ታናሼ ናት፣ አብረን ነው የምንኖረው። የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ የሚያጥብ ትልቅ ልብስ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ሮለሩን ማጉረስ ነው። ሮለሩ በእንፋሎት የሚግሉ፣ እንደ በርሜል የወፈሩ ሁለት ብረቶች ናቸው፤ እርጥቡን አንሶላ በዚህ በኩል ስታጎርሰው በዚያ በኩል ተተኩሶና ተዘርግቶ ይወጣል። የድርጅቱ ባለቤቶች ጀርመኖች ናቸው፣ አንድ አዛውንትና ሴት ልጃቸው። የሚኖሩት በአገራቸው ነው። ሠራተኛው ከየቦታው የተሰበሰበ ስለሆነ፣ አቤቱታ ያለው በእንግሊዝኛ ድምፁን ይቀዳል፤ ቅጂው ወደ ትርጉም ቢሮ ይላካል፤ አዛውንቱ በጀርመንኛ ያነቡታል። ከየትኛው ቢሮ ጋር እንደሚሠሩ እስከዚያ ጠዋት ድረስ አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ኮምፒዩተሬን ስከፍት አንድ የድምፅ ቅጂ ይጠብቀኛል። ማዳመጫዬን አደረግሁ። አንዲት ሴት ያለ ሰላምታ ጀመሩ፤ ድምፃቸውን ሰምቼው ባላውቅም ወዲያው ለየኋቸው። እህቴ ማታ ማታ ራት ላይ የምታወራልኝ፣ ክፍሉ በሙሉ «ጄኔራሏ» የሚላቸው አለቃዋ ናቸው። በወጣትነታቸው መርከብ ላይ ልብስ ያጥቡ ነበር። እንግሊዝኛውን ያስተማራቸው ደስ ሲለው የማያወራ፣ ሲቆጣ ግን የማያቆም የመርከብ ሰው ስለነበር፣ እንግሊዝኛቸው ውስጥ እንደምን አደርክ የለም። እንስሳ ብቻ ነው።

የሚሉት ግልጽ ነበር። ሮለሩ አፍ ላይ አንድ ዘንግ አለ፤ የሚያጎርስ ሰው እጁ ቢጠጋ ዘንጉን ይነካና ማሽኑ ቀጥ ይላል። አሁን ዘንጉ በሽቦ ታስሯል። ያሳሰሩት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ አንሶላ በተጨማደደ ቁጥር ማሽኑ እየቆመ ሥራ አጓተተ ብለው። ጄኔራሏ ይህንን ባለፈው ክረምት ተናግረዋል፤ መልስ ሆኖ የመጣላቸው ምስጋና ነው። «ምስጋናቸውን አልፈልግም» ይላሉ በቅጂው ላይ። ከዚያ በኋላ በረቱ ተከፈተ፤ ፍየሏ፣ ድቡ፣ ኮርማው፣ በመጨረሻም ተርቧ። ከኋላቸው የሮለሩ ድምፅ ያጓራል። እዚያ ድምፅ አጠገብ እህቴ ቆማለች።

ማዳመጫውን አውልቄ ሳላንኳኳ ለስላሳው ክፍል ገባሁ። ባለፈው ክረምት የመጣውን ማን እንደተረጎመው ጠየቅሁት።

እሱ ራሱ ነው። እኔ ታምሜ የተኛሁበት ሳምንት ነበር። ያስታውሰዋል፤ እንዲያውም ሲያስታውሰው ፈገግ አለ። ሠራተኞቹ ጉበታቸው ላይ ቅማል ቢጤ ሄዳባቸዋለች፣ ስለ አንድ ዘንግም ሐሳብ አላቸው ብሎ ልኮ፣ አዛውንቱ በአባባሉ ስቀው ስልክ ደውለው አመስግነውታል። ድርጅቱን ቋሚ ደንበኛ ያደረገችልን ያቺ ቅማል ናት፣ ሌላ ሌላውን ወረቀታቸውን እስካሁን ራሴ ስሠራው ነበር አለኝ። እኔን የሚያስደስተኝ መስሎት ነው።

ደሜ ሲፈላ ጆሮዬ ላይ ይሰማኛል። እዚያ ሮለር ላይ የምታጎርሰው የእናቴ ልጅ ናት አልኩት። ሴትየዋ የነገሩህ ስለ ሰው እጅ ነው እንጂ ስለ ኩርፊያ አይደለም ለማለት ፈልጌ፣ በአንቱታ ስለውጠው የቁጣው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። አንቱታ ለካ የራሷ ማብረጃ አላት።

እሱ ረጋ ብሎ ሰማኝ። ብዕሩን ከወረቀቱ ጋር አስተካክሎ አስቀመጠ። ከዚያ «ይህን ባትነግሪኝ ይሻል ነበር» አለ።

ቀጠለና ሁለተኛውን ቅጂ በጽሑፍ መላክ እንደማያስፈልግ ነገረኝ። ሁለት ጊዜ ስለተነሳ ባለቤቶቹ በቪዲዮ ሊሰሙ ፈልገዋል። ልብስ ቤቱ ሄደን፣ እኔ አስተረጉማለሁ፣ እሱ አጠገቤ ይቀመጣል። አዛውንቱ ልባቸው ደካማ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ዲግሪ። እሺ አላልኩም። እሱ ግን እሺ እንዳልኩ ቆጥሮ ሻዩን አነሳ።

ማታ ቤት ስገባ እህቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ መስኮቱ ሥር የሥራ ሸሚዟን ትሰፋለች። መርፌ ጠልታ ያደገች ልጅ ናት፤ ቁልፍ ሲወልቅባት እንኳ ለእኔ ነው የምትወረውርልኝ። ሸሚዙን ከእጇ ነጠቅሁት። የቀኙ እጅጌ ከክርኑ በታች የለም። የቀረው ጠርዝ ተጨማዶ፣ በካውያ ሥር እንደተረሳ ጨርቅ ቡኒ ሆኗል።

«እጅጌዬን ነው እንጂ እጄን አልነካኝም» አለች።

መቼ እንደሆነ ጠየቅኋት። ከቅጂው በፊት ነው። ጄኔራሏን እንደገና ያስነሳቸው ይሄው እጅጌ ነው፤ ለካ ያ ሁሉ ተርብ የተነሳው ለእህቴ ነው። እሷ ግን ስሜን አያንሱ ብላ ለምናቸዋለች፣ እሳቸውም አላነሱም። ሥራ አስኪያጁ ኮንትራቷን ሊያድሱ ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ከአቤቱታ ጋር ስሟ ከተያያዘ ደህና ሰንብቺ ነው። ለስብሰባው እንደምመጣ ስነግራት እኔንም ታስጠነቅቀኝ ጀመር። እዚያ የምትመጪው እንደ አስተርጓሚ ነው፣ አታውቂኝም፣ አላውቅሽም፣ ዓይኔንም እንዳታዪኝ አለች። የማትፈራ መስላ ነው የምትናገረው፤ ጣቶቿን ግን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣቸዋለች።

ለእናታችን ስትሞት እጠብቃታለሁ ብዬ የገባሁላትን ቃል አነሳሁባት። «እሷን አታምጫት» ብላ ቱግ አለች። እኔም ቱግ አልኩ። ሁለታችንም ራት ሳንበላ ተኛን፤ በማግሥቱም ሳንነጋገር ወጣን።

የልብስ ቤቱ ቢሮ ከአዳራሹ በላይ ነው፤ አንዱ ግድግዳ ሙሉ መስታወት ስለሆነ ወለሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጋሪዎቹ፣ የእንፋሎቱ ጭጋግ፣ በስተመጨረሻም ሮለሩ። እህቴ አንድ ጫፍ ይዛ፣ ጓደኛዋ ሌላውን ይዛ ያጎርሳሉ። የማሽኑ ማጓራት በመስታወቱ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውሃ ብርጭቆ ያንቀጠቅጠዋል። እጅጌዋን በሌላ ጨርቅ ቀጥላዋለች፤ ቀለሙ አይገጥምም። እንዳዘዘችኝ ዓይኔን መለስኩ።

ሥራ አስኪያጁ በቀበቷቸው ላይ ቁልፍ የሚያንጠለጥሉ፣ ሲቀመጡም ሲነሱም የሚንሿሹ ሰው ናቸው። ጄኔራሏ ከተራ ሴት የማይረዝሙ፣ ከሽርጣቸው ኪስ መነጽር ብቅ ያለባቸው፣ ወንበር ሲሰጣቸው ጫፉ ላይ ብቻ የሚቀመጡ ሴት ሆነው አገኘኋቸው። የእኛኑ ቋንቋ ስለሚናገሩ በራሳችን አፍ ሰላምታ ተለዋወጥን። በእኛ ቋንቋ ጨዋ ናቸው፤ ልጄ አሉኝ። ስክሪኑ ላይ አዛውንቱና ልጃቸው ተቀመጡ፤ እሳቸው ሹራብ ለብሰዋል፣ እሷ እስክሪብቶ ይዛለች።

ጄኔራሏ በእንግሊዝኛ ጀመሩ። መጀመሪያ ስለ ዘንጉ፣ ከዚያ ስለ ሽቦው። እኔም ተረጎምኩ። ሥራ አስኪያጁ ጊዜያዊ ነገር መሆኑን፣ ሆስፒታሎች አንሶላ እየጠበቁ መሆኑን ተናገሩ፤ ይህንንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ከዚያ ጄኔራሏ በክረምት ስለመጣላቸው ምስጋና አነሱ፤ በረቱም ተከፈተ። ፍየሌን ወስደውብኛል ሲሉ እኔ ዘንባባው ላይ አወጣኋቸው። እንደ ኮርማ ሲሆኑ እኔም ለዚያ የሚመጥን ፈለግሁላቸው። በመጨረሻ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየነኩ ተርብ ሆኛለሁ ሲሉ፣ እኔ ቀበሮውን ከነሰይጣኑ ከነዱሩ አወጣሁት። ድምፄን የእሳቸውን ያህል ከፍ አደረግሁ። ቁጣን በሹክሹክታ መተርጎም ማለት ዋሽቶ ማደር ነው።

አዛውንቱ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ልጃቸው እስክሪብቶዋን አቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ እየሰሙን ነበር።

አዛውንቱ እጃቸውን አነሱና ጠየቁ። «የተቆጡት እሳቸው ናቸው ወይስ አስተርጓሚዋ?»

«እሳቸው ናቸው» አልኩ። «እኔ የራሴን ገና አልጀመርኩም።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ለስላሳው ይህችን ቀዳዳ ሲጠብቅ ነው የቆየው። ወደ ካሜራው ጠጋ አለ፤ በዚያ ቅቤ በመሰለ ጀርመንኛው ይቅርታ ጠየቀ። የአስተርጓሚያችን ታናሽ እህት እዚያው ማሽን ላይ ትሠራለች፣ ስለዚህ ዛሬ ስሜቷ ትንሽ ቀድሟታል፣ ይቅር በሏት አለ። እንዲያውም በመስታወቱ በኩል በጣቱ አሳየ። ሥራ አስኪያጁ ጀርመንኛ ባይገባቸውም ጣት ይገባቸዋል፤ የጠቆመውን ተከትለው እህቴን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። የፊታችንን መመሳሰል ለማየት ትርጉም አያስፈልግም።

በዚያች ሰዓት አንገቱን ይዤ ሮለሩ ላይ ባጎርሰው ደስ ይለኝ ነበር። የምዋሸው ነገር የለም።

አዛውንቱ ትከሻቸውን ዘና አደረጉ። ለስላሳው ከዚህ በኋላ እኔ እቀጥላለሁ አለና የጄኔራሏን ንግግር እንደ አዲስ ነገራቸው። ቅማሏ መጣች። ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ ታታሪ ሠራተኛ ናቸው፣ ዛሬ ጉበታቸው ላይ ቅማል ሄዳባቸዋለች፣ ዘንጉን በተመለከተ ጥንቃቄ ቢደረግ ይወዳሉ። አዛውንቱ ሳቅ አሉ፤ ያቺን ቅማል ያውቋታል። ሥራ ጋብ ሲል፣ በዓመታዊው እድሳት ጊዜ ይታያል አሉ። ልጃቸው አልሳቀችም፤ ግን ጻፈችው።

ጄኔራሏ የአዛውንቱን ፈገግታ ስክሪኑ ላይ አዩ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ እንዲያ ተቃጥዬ ስናገር እነሱ የሚስቁት ምን ብሏቸው ነው ልጄ?» አሉ በራሳችን ቋንቋ።

ለስላሳው በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገኝ። ለእሱ ይህ መርገጥ ነው። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ወደ አንድ አቅጣጫ ስተረጉም ኖሬ የዚያን ቀን መልሼ ተረጎምኩ። ሁለት ዲግሪ ሳልጨምር፣ ሁለት ዲግሪ ሳልቀንስ፣ እሱ እንዳለው።

«እትዬ፣ ዛሬ ትንሽ አኩርፈዋል፣ ጉበታቸው ላይ ቅማል ሄዳ ነው አላቸው። በክረምትም እንደዚሁ ነበር ያለው። ዘንጉን ሥራ ሲቀንስ ያዩታል።»

«ቅማል?»

«ቅማል።»

ይጮሃሉ ብዬ ነበር። አልጮሁም። ከሽርጣቸው ኪስ መነጽራቸውን አወጡ፣ በጨርቁ ጫፍ ጠረጉት፣ ዓይናቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ ተነሱ። በሩንም ቀስ አድርገው ነው የዘጉት። እኔ ቁጣ ስተረጉም ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ እንደዚህ ያለውን ግን አላውቀውም፣ እንስሳም አላገኘሁለትም።

በመስታወቱ በኩል ደረጃውን ሲወርዱ፣ በጋሪዎቹ መካከል ሲያልፉ አየናቸው። ሠራተኛው ሥራውን ሳያቆም መንገድ ለቀቀላቸው። ሮለሩ አጠገብ ደረሱ። ለእህቴ አንድ ነገር ተናገሩ፤ እህቴ አንሶላውን ለቀቀች። ከዚያ መዳፋቸውን ሙሉ ዘርግተው ትልቁን ቀይ ቁልፍ ተጫኑት።

ስብሰባው ከተጀመረ ጀምሮ ጆሯችን የለመደው ማጓራት ቀጥ አለ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ረጋ። ሥራ አስኪያጁ ቁልፋቸው እየተንሿሿ ተነሱ፤ ግን ታች ስልሳ የሚሆን ሰው ወደ መስታወቱ ቀና ብሎ እያያቸው ስለነበር፣ እዚያው ቆመው ቀሩ።

አዛውንቱ ጆሯቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸዋል።

«ድምፃችሁ አይሰማኝም» አሉ።

እንሰማዎታለን አልኩ። ታዲያ ያ ድምፅ የት ሄደ ብለው ጠየቁ። ይህን የጠየቁት ለስላሳውን ነው። እሱም አፉን ከፈተ። ሲፈልግ አየሁት፤ ከዝምታ በታች ሁለት ዲግሪ የሚወርድ ቃል ሲፈልግ ለስላሳ ፊቱ ወዛ። አላገኘም፤ አፉን ገጠመው።

አዛውንቱ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ምን እያሉን ነው?»

«አዲስ ነገር የለም» አልኩ። «በክረምት ያሉትን ደገሙት።»

ልጃቸው ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ዘንጉን ማየት እፈልጋለሁ አለች። ኮምፒዩተሩን ከነስክሪኑ ታቅፌ ደረጃውን ወረድኩ። ለስላሳው ከኋላዬ በዚያ በማይሰማ ጫማው ይከተለኛል፤ ሥራ አስኪያጁም እየተንሿሹ ወረዱ። እህቴ አፈጠጠችብኝ፤ እኔም እንዳላየኋት አለፍኩ። ካሜራውን ሮለሩ አፍ ላይ ደቀንኩት። ሽቦው በደንብ ይታያል፤ ተጠምዝዞ፣ ተጠምዝዞ፣ ጫፉ በፒንሳ ተቆርጧል። በሁለቱ ብረቶች መካከል የቀረች ቡኒ ብጣሽ ጨርቅ አለች። የአዛውንቱ ልጅ ያ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች።

እህቴ ጀርመንኛ አታውቅም። ግን የማሳየውን አየች፤ ራሷ ወደ ካሜራው ቀረበችና ቀለሙ የማይገጥመውን እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷን አሳየች። ቆዳዋ ላይ ትኩስ ብረት የላሰው ረጅም ቀይ መስመር አለ። ይህን ለእኔ አላሳየችኝም ነበር።

አዛውንቱ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ልጃቸው ማሽኑ ተሠርቶ እስኪያልቅ አይነሳ አለች፤ ይህንን ለሥራ አስኪያጁ እንድነግር ጠየቀችኝ። የሰጠችኝን ዲግሪ ሳላጎድል ነገርኳቸው። ጄኔራሏ ፒንሳ አምጡ ብለው ሽቦውን በገዛ እጃቸው ቆረጡት፤ ሲቆርጡም በእንግሊዝኛ የሚናገሩት ነበራቸው፣ ግን ማንም ተርጉሚልን ስላላለኝ ለራሴ አስቀረሁት።

ለስላሳው ደጅ ላይ ጠበቀኝ። ለተወሰነ ጊዜ ብታርፊ ለጤናሽም ጥሩ ነው፣ ስታስፈልጊን እንደዋወላለን አለኝ። እኔም ወደ ትክክለኛው ሙቀት መለስኩት፤ ተባረርኩ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ጥዬ፣ አንተ ብዬ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ያበረድኩትን በሙሉ ሳላበርድ ሰጠሁት። የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ አንዳችም እንስሳ አልነበረበትም።

እህቴ ከእኔ በኋላ ነው ቤት የገባችው። በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች፣ ዓይኗ ደም ለብሷል። ስሜን ማን አንሺ አለሽ አለች። እኔ አላነሳሁትም ልላት አፌን ስከፍት ዕድል አልሰጠችኝም። ኮንትራቱን ከእንግዲህ እርሺው አለች፤ ሰውየው ቁልፉን እያንሿሿ ስሟን በደንብ ጽፏል፣ ሮለሩ ቢሠራም እሷን አያስጠጋትም፣ ክፍሉ ሁሉ እጅጌሽን አሳዪን እያለ ሲዞራት ዋለ። ትርጉም ቢሮሽ ይውደም፣ ጀርመኖችሽ ይውደሙ፣ አንቺም ከነመዝገበ ቃላትሽ አለች። ጎንበስ ብላ አንድ ጫማዋን አወለቀችና ወረወረችው። በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ግድግዳውን መታ።

እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። የወረወረችበት እጅ አየር ላይ ተዘርግቶ ቀርቷል፤ ጣቶቹ አምስቱም ተከፍተዋል።

«ምን ታፈጫለሽ?» አለች።

«እጅሽን።»

እሷም ዞር ብላ እጇን አየችው። ገልብጣ መዳፉን አየችው፣ እንደገና ገለበጠችው። ከዚያ እንደገና ጎንበስ አለች፣ ሁለተኛውን ጫማ አወለቀች፣ በዚያው እጇ ወረወረችው። ይሄኛው አገኘኝ።